ከመሀል አዲስ አበባ ወደ መናገሻ ሱባ ደን፦ ከቤተሰብ ጋር የዱር እንስሳት የማያ ቀን ዝርዝር መመሪያ

ልጆች ይዞ የዱር እንስሳ ለማየት የሚወጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሳያይ የሚመለሰው እንስሳው ስለሌለ አይደለም፤ አርፍዶ ስለሚደርስና ደርሶም ስለሚራወጥ ነው። ጉሬዛ ጠዋት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ድኩላ ጤዛው ሳይደርቅ ጫካው ዳር ይግጣል። ረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ ግን ሁለቱም ጥላ ይፈልጋሉ። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የሚያገለግለው ለሁለት ነገር ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ደኑ በር ላይ ለመገኘት፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ።

ለምን መናገሻ ሱባ?

ከአዲስ አበባ ለአንድ ቀን ጉዞ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ወይም አብጃታ ሻላን ነው። ሁለቱም ግሩም ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ደርሶ መልስ 400 ኪሎ ሜትር ማለት ትንንሽ ልጆች ቀኑን መኪና ውስጥ ያሳልፋሉ፣ ፓርኩ የሚገባውም በቀትር፣ ሳላውም ሚዳቋውም ቁጥቋጦ ሥር በተኛበት ሰዓት ነው ማለት ነው። እነዚያን ቦታዎች አንድ ሌሊት ማደር ሲቻል ብቻ ሂዱባቸው።

መናገሻ ሱባ ከመሀል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ገላ ላይ ይገኛል። ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ገደማ የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዛሬ በታችኛው ክፍል ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲባል ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ፣ ጫፉ አካባቢ ደግሞ ጅብራ ይታያል። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው።

ለልጆች አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሯቸው፦ እዚህ አንበሳም ዝሆንም የለም። ያለው ጉሬዛ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮና ብዙ ወፍ ነው። ነብርም አለ፤ ሲታይ ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አንበሳ ጠብቆ የሄደ ልጅ ጉሬዛ ከራሱ በላይ ሲዘል አይቶም ቅር ብሎት ይመለሳል። ጉሬዛ ሊያይ የሄደ ልጅ ግን ጉሬዛውን ያገኛል።

ወቅትና ቀን

ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ያለው ጊዜ ይመረጣል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጠዋት ብርድ ስለሆነም ጉሬዛዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ ለማየት ይመቻሉ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ትንሽ መኪና ይዞ መሄድ አይመከርም፤ የመጨረሻው ፒስታ መንገድ ጭቃ ይሆናል። በጋና ክረምት መሀል ያለው በልግ ሊሞከር ይችላል፣ ግን ባለፉት ሁለት ቀናት ዝናብ ካልጣለ ብቻ።

ቅዳሜ ከእሑድ ይሻላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ቤተሰብ ከ3 ሰዓት በፊት አይንቀሳቀስም፤ የጉሬዛው ምርጥ ሰዓት በዚያው ያልፋል። የጾም ቀን ከሆነ ስንቁ ይለወጣል እንጂ ጉዞው አይቀርም። በረመዳን የሚጾም ሰው ካለ ግን ተራራ መውጣቱን ትታችሁ በር አካባቢ ያለውን ብቻ እዩ፤ ከፍታው ላይ ውኃ ሳይጠጡ መራመድ ራስ ምታት ያመጣል።

ከመውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሰበታ አካባቢ የሚኖር ወይም በመስመሩ የሚሠራ ሰው ጠይቁ። የዛሬ ሦስት ወር የሄደ ሰው የሚነግራችሁ የዛሬውን መንገድ አይደለም።

ዋዜማው

ጉዞው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዋዜማ ማታ ነው። ጠዋት ነዳጅ ፍለጋ ከተሰለፋችሁ ቀኑ አለቀ፤ ስለዚህ ማታውኑ ቅዱ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ርቀቱ ትንሽ ቢሆንም ዳገቱ ባትሪውን ከሜዳ ይልቅ ቶሎ ይበላል፤ ደኑ አካባቢም ቻርጅ ማድረጊያ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

መኪናው ላይ አራት ነገር ፈትሹ፦ ስኮርታው አየር አለው? ክሪኩና የጎማ መፍቻው ቦታቸው ላይ ናቸው? ፍሬኑ ሲረገጥ ይንጫጫል? የራዲያተሩ ውኃ ልኩ ላይ ነው? ስኮርታ የሚረሳው ለዓመታት ስለማይነካ ነው፤ ሲፈለግ ተንፍሶ ይገኛል። አንድ አካፋም ጫኑ። ቪትዝና የመሳሰሉት ዝቅተኛ መኪናዎች በደረቅ ወቅት በዝግታ ሊደርሱ ይችላሉ፣ ግን አምስት ሰው ከነስንቁ ተጭኖባቸው ሆዳቸው ድንጋይ ይነካል። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሚኒባስ ከነሹፌሩ መከራየት ይሻላል። ዋጋውን ስትነጋገሩ ከሰበታ በኋላ ፒስታ እንዳለ ተናግራችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ሹፌሩ አስፋልቱ ሲያልቅ ይቆማል።

ለአንድ አዋቂ 2 ሊትር፣ ለአንድ ልጅ 1 ሊትር የሚጠጣ ውኃ ያዙ። በተጨማሪ ለእጅ መታጠቢያና ለድንገተኛ ነገር ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ስንቁ እጅ የማያቆሽሽ፣ ሽታው የማይጣራ ይሁን፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጭኮ፤ ጾም ከሆነ ደግሞ በሶ፣ ለውዝና ቴምር። ቡናውና ሻዩ በፔርሙስ ይያዝ። ሙዝና ብርቱካን ይቅሩ፤ ዝንጀሮ ሙዝ የተያዘበትን ፌስታል ከሩቅ ያውቀዋል። ምግቡን በሙሉ ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጉ፤ ፌስታል ውስጥ አይደለም። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ እንስሳ ያስበረግጋል፣ ሲቀደድም ምግቡ ይበተናል።

ልብስ በድርብርብ ይለበስ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ከ5 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ቡናማ፣ አረንጓዴና ግራጫ ቀለም ምረጡ። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ መኪና ውስጥ ለሙቀት ጥሩ ነው፤ ጫካ ውስጥ ግን እያርገበገበ ድኩላውን ያስነሳል። ሱሪ ረጅም፣ ካልሲ ወፍራም ይሁን፤ ምክንያቱ ሳማ ነው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሁሉም ባርኔጣ ይያዝ።

ባይናኩላር ካላችሁ ወይም መዋስ ከቻላችሁ 8 በ42 የሚባለውን ፈልጉ። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራል። 10 እጥፍ የሚያቀርብ የተሻለ ይመስላል፤ ለልጅ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየውም ቦታ ጠባብ ስለሆነ እንስሳው ይጠፋበታል። ለሦስት ልጆች አንድ ባይናኩላር ጠብ ያመጣል፤ ቢቻል ሁለት ይሁን።

ማታውኑ ቤት ውስጥ ልጆቹን አለማምዱ፦ በረንዳ ላይ ቆመው ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም ቁራ መጀመሪያ በባዶ ዓይን ይዩ፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ባይናኩላሩን ወደ ዓይናቸው ያምጡ። ብዙ ልጅ የሚያደርገው ግን ባይናኩላሩን ለማስተካከል አንገቱን አቀርቅሮ እንደገና ቀና ማለት ነው፤ ቀና ሲል ዛፉ ጠፍቷል። ማስተካከያውም እንዲህ ነው። ሁለቱን በርሜሎች እያጠፋችሁ ወይም እየዘረጋችሁ አንድ ክብ ብቻ እስኪታይ አቅርቡ። ቀኝ ዓይን ጨፍኑና የመሀሉን መዘውር እያዞራችሁ በግራ አጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍኑና የቀኝ ዓይን መስታወቱ ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ይህ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ለዚያ ሰው የሚነካው የመሀሉ መዘውር ብቻ ነው።

ሁለት የእጅ ምልክትም ይማሩ፦ ክፍት መዳፍ ወደ ላይ ማለት «ቁም»፣ ጣት ወደ ከንፈር ማለት «አየሁ፣ ዝም በሉ»። «እዩ! እዩ! ጦጣ!» የሚለው ጩኸት እስካልቆመ ድረስ ሌላው ዝግጅት ዋጋ የለውም።

መንገዱ

ከእንቅልፍ የሚነሱት ሌሊት 11 ሰዓት፣ መኪና የሚንቀሳቀሰው 12 ሰዓት ነው። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስለሆነ ከተማውን በጨለማ ትወጣላችሁ፤ ይህ ጥቅም ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው።

ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ የሚነሳ ሰው በጥቁር አንበሳ በኩል ሜክሲኮ ይወርዳል፣ ከዚያ በልደታ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ ከዚያ የጅማ መንገድን ይዞ ዓለም ገና። ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው የቡታጅራ መንገድ ነው፤ እሱን ትታችሁ ቀጥታ ሰበታ። ሰበታ ከመሀል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቆም ብላችሁ ሽንት ቤት ተጠቀሙ፤ የጎደለ ነገር ካለም እዚሁ ግዙ፣ ከዚህ በላይ የተሟላ ሱቅ አትጠብቁ። ከሰበታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው የሚገነጠለውን ፒስታ መንገድ ሰው ጠይቃችሁ ያዙ። ስትጠይቁ «ሱባ» ማለት ይበቃል። በአካባቢው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጠዋት «አካም ቡልተን» ብሎ መጀመር፣ ስትለዩም «ገለቶማ» ማለት ፊት ያበራል፤ ልጆቹም ይማሩት።

ፒስታው ላይ ቸኩላችሁ ጊዜ አታተርፉም። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። ከብትና አህያ መንገዱን ይዘው ይመጣሉ፤ ቆማችሁ አሳልፉ፣ ጥሩምባ አትንፉ። ጥቁር አፈር ላይ ጎማ ከሰመጠ የመጀመሪያው ስህተት ነዳጅ መርገጥ ነው፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ በአካፋ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ጥረጉ፣ ድንጋይና ደረቅ ጭራሮ ሥሩ አንጥፉ። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ እየለቀቃችሁ ውጡ።

በር ላይ

መግቢያው ላይ ለሰውም ለመኪናም ክፍያ አለ። ዝርዝር ብር በጥሬው ያዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ እስክትወጡ አትጣሉት። ከዚያ አስጎብኚ ወይም የደን ጠባቂ ጠይቁ። ይህ ወጪ አይቆጠብም። ጉሬዛዎቹ ዛሬ ማለዳ ከየት በኩል እንደጮሁ፣ ዝንጀሮዎቹ የት እንዳደሩ የሚያውቀው እሱ ነው። ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ውኃና ምሳም ለእሱ ጨምሩ።

አስጎብኚውን ስትጠይቁ «ጫፍ ያድርሱን» ሳይሆን «ትንንሽ ልጆች አሉን፣ ጉሬዛ የሚቀመጥበት ቅርብ ቦታ ይውሰዱን» በሉት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጫፍ ለማድረስ የለመደ ሰው ፈጥኖ ይራመዳል። ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ዳገት ላይ፣ እየቆመ እያየ፣ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሄድ ነው። ስለዚህ ለጠዋቱ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አያት አብረው ካሉ ወይም ሕፃን የታዘለ ካለ በር አካባቢ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ምንጣፍና በርጩማ አንጥፉላቸው። ጉሬዛ ሰው ባለበት አካባቢም ይመጣል፤ እማማ ቁጭ ባሉበት ከተራማጆቹ በፊት ሊያዩ ይችላሉ።

ጉሬዛን ማግኘት

የቀኑ ዋና ነገር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናያለን።

መጀመሪያ ጆሮ። ጉሬዛ ጎሕ ሲቀድ ይጮኻል፤ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ እንደ ሞተር የሚንኳኳ ጥልቅ ድምፅ ነው፣ አንዱ መንጋ ሲጀምር ከማዶ ሌላው ይመልሳል። ከበሩ እንደገባችሁ መኪናውን አጥፍታችሁ በሮቹን ሳታላትሙ ለ5 ደቂቃ ዝም በሉ። የመኪና በር መላተም ከሰው ድምፅ የባሰ ነው።

ቀጥሎ መሬት። ትኩስ የተቀነጠሰ ቅጠል፣ ግማሹ የተበላ ቀንበጥ መንገድ ላይ ከታየ ቀና በሉ። ከዚያ ዛፉን በሙሉ አትፈልጉ፤ ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሲወዛወዝ ወይም እንደ ነጭ መጥረጊያ የተንጠለጠለ ነገር ስታዩ እሱ ነው፣ ጭራው ነው። ፀሐይ መጀመሪያ የምትመታውን፣ ወደ ምሥራቅ የዞረውን የዛፍ ጎን አስቀድማችሁ እዩ።

ካገኛችኋቸው በኋላ 30 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ። ቀጥታ ሥራቸው አትግቡ፤ አንደኛ ይሸሻሉ፣ ሁለተኛ ከላይ ይሸናሉ። ተቀመጡ። ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈራቸዋል፣ የተቀመጠ ሰው ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ ይረሳል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ስጡት። ልጆች 20 ደቂቃ ዝም እንዲሉ ከተፈለገ ሥራ ይሰጣቸው፦ አንዱ ይቁጠር፤ መንጋው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 15 ነው። ሌላው ግልገል ይፈልግ፤ አዲስ የተወለደ ጉሬዛ ከጭራ እስከ ራሱ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ የሚመጣው በወራት ውስጥ ነው። ሦስተኛው በባይናኩላር እጁን ይይ፦ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ በአራት ጣት ብቻ እንደ መንጠቆ ነው ቅርንጫፍ የሚይዘው። ሳይንቲስቶች «ኮሎበስ» የሚሉትም «ጎደሎ» ከሚል የግሪክ ቃል ተነሥተው ነው። የሳይንስ ስሙ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የኛው ነው፤ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እንስሳውን በ1835 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ «ጉሬዛ» የሚለውን ስም እንዳለ ወሰደው። የዓለም ሳይንስ መዝገብ ላይ ያለ የራሳቸው ቋንቋ ቃል መሆኑን ለልጆቹ እዚያው ዛፉ ሥር ንገሯቸው።

ምንም ነገር አታብሏቸው። ጉሬዛ የሚኖረው ቅጠል በልቶ ነው። ጨጓራው በክፍል በክፍል የተለየ ሲሆን ቅጠሉ እዚያ ውስጥ እንደ ጠላ ጋን ቀስ እያለ ይፈላል። ዳቦ፣ ብስኩት ወይም ሙዝ ሲገባበት ፍላቱ ያለ ልክ ይፈጥናል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሊገድለውም ይችላል። «ትንሽ ብቻ» የሚባለው ለዚህ እንስሳ አይሠራም።

ድኩላና ሌሎቹ

የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሴቷ ቀይ ቡናማ ናት፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። የሚገኘው ጥቅጥቁ ጫካ ከገላጣው ጋር በሚገናኝበት ዳር ነው። ከማየቱ በፊት የሚያሸተው ስለሆነ ነፋሱን ፈትሹ፦ ደረቅ አፈር ቆንጥራችሁ በወገብ ከፍታ ልቀቁት፣ አቧራው ወደ እናንተ ከመጣ በዚያው ቀጥሉ፣ ወደ ፊት ከሄደ ሌላ መንገድ ያዙ። እንደ ውሻ የሚጮኽ ነገር ከጫካው ውስጥ ብትሰሙ ውሻ ላይሆን ይችላል፤ ድኩላ ሲደነግጥ እንዲያ ነው የሚጮኸው። ያኔ ባላችሁበት ቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሮጦ ዞሮ ያያል።

ነብሩን አትፈልጉ፣ ዱካውን ግን ፈልጉ። እርጥብ አፈር ላይ የጥፍር ምልክት የሌለው ክብ ዱካ የነብር ሊሆን ይችላል፤ ጥፍር የሚታይበት የጅብ፣ የቀበሮ ወይም የውሻ ነው። ነጭ፣ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ኩስ ካያችሁ የጅብ ነው፤ ነጭ ያደረገው የበላው አጥንት ነው። የጃርት ወስፌ ያገኘ ልጅ አይቶ እዚያው ይተወው።

ወፍ ሁሉንም አትለዩም፣ ሦስት ግን ይበቃሉ። አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ሲበር ብቻ ክንፉ ደማቅ ቀይ የሚሆነው ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ነው። አናቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ማንቁሩ መጥረቢያ የሚያህለው ቁራ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ የለም። ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን፣ ጥንድ ጥንድ ሆና እየጮኸች የምታልፈው፣ እሷም የዚሁ ደጋ ወፍ ናት፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው።

ምሳና ዝንጀሮ

ወደ 5 ሰዓት ተኩል ወደ መኪናው ተመለሱ። ምሳ የሚበላው መኪናው አጠገብ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ አንድ አዋቂ ጀርባውን ሰጥቶ ዙሪያውን እያየ ነው። ዝንጀሮ ከመጣ ምግቡን ወደ ባልዲው መልሳችሁ ክደኑ፣ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገቡ። ጥርስ አታሳዩት፤ ለኛ ፈገግታ ለእሱ ዛቻ ነው። ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩ፣ ጀርባ ሰጥታችሁም አትሩጡ፤ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ። ምግብ ከእጅ ከያዘ ልቀቁለት። ወንዱ ዝንጀሮ የክራንቻ ጥርሱ ረጅምና ስለታም ነው፤ ለአንድ ቁራሽ ዳቦ የሚታገሉት አይደለም።

ቆሻሻውን በሙሉ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሳይቀር፣ ይዛችሁ ተመለሱ። እሳት አታንድዱ፤ የበጋ ጽድ ከጭድ እኩል ይነዳል። ሽንት ቤት ሩቅ ከሆነ ከምንጭና ከመንገድ 60 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፈር መልሱበት፤ ወረቀቱ በፌስታል ታስሮ ይመለስ።

ችግር ሲገጥም

ሳማ የነካው ልጅ ወዲያው ያካል፤ ችግሩ የሚብሰውም ያኔ ነው። የሳማው ፀጉር መርፌ ነው፤ በታሸ ቁጥር ይገባል። አታስነኩት፤ ከጀሪካኑ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትነቅሉት ፀጉሩ አብሮ ይወጣል። በአንድ ሰዓት ገደማ ይበርዳል። ከንፈር ወይም ዓይን ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያለ ምክንያት መነጫነጭ ከመጣ ውኃ አጠጡ፣ አሳርፉ፣ ካልተሻለ ውረዱ። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ የለመደ ቢሆንም ከ3,000 ሜትር በላይ ልጅ ቶሎ ይደክማል። ከተለያያችሁ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ የጠፋው ባለበት ዛፍ አቅፎ ይቆማል፣ ፈላጊዎቹ ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩ፤ ሦስት ጊዜ ከተነፋ «ጠፍቻለሁ» ማለት ነው፣ ለጨዋታ አይነፋም። ስልክ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ደመና ከተጠቀጠቀ ዝናቡ ሳይጀምር ወደ ሰበታ ውረዱ፤ ጭቃው ከመጣ በኋላ ያለው ምርጫ ሌሎች መኪናዎችን መጠበቅ ነው።

መመለስ

ከምሳ በኋላ ልጆቹ አንድ ሰዓት ይረፉ። ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር አካባቢ ጠዋት ያያችሁት ዛፍ ሥር እንደገና ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ጉሬዛ ከቀትር እንቅልፉ የሚነቃው ወደዚህ ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከዚህ ከዘገያችሁ በሰበታና በዓለም ገና መሀል ከባድ መኪናዎች፣ ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ደግሞ የማታው መጨናነቅ ይይዛችኋል።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረዱ። በሁለተኛ፣ ሲብስ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን እየነካኩ እንጂ ረግጦ መያዝ ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ አይዝም። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ቆማችሁ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፣ ውኃ ግን አታፍሱበት።

ቤት ስትደርሱ የልጆቹን ብብት፣ ከጆሮ ኋላና የጉልበት እጥፋት ለመዥገር እዩ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅቤ ወይም ጋዝ አትቀቡት። ጫማዎቹ ይታጠቡ። ከዚያ ልጆቹ ሳይተኙ ያዩትን በደብተር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ዛፍ አካባቢ፣ ስንት ሆነው፣ ምን ሲያደርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ አስጎብኚው መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ይህን ነው።